ለትንሿ ትራክተር የፊት መከላከያ፦ ከቅርጹ በፊት ማሰሪያውን አስብ

ወንድሜ፣ ባለ 30 ፈረስ ጉልበቷን ትራክተርህን ጉቶና የግራር ቅርንጫፍ ፊቷን እንዳይሰብሩት መከላከያ ራስህ ለመበየድ ጠይቀሃል። ይቻላል፣ ከተገዛውም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ስለ ቅርጹ ይጨነቃል እንጂ ትራክተር የሚጎዳው በማሰሪያው ነው።

1. አክሱል ላይ እንዳታስረው። የፊት አክሱል መሀሉ ላይ ባለው ፒን ስለሚወዛወዝ መከላከያውም አብሮ እየተወዛወዘ ኮፈኑን ይገጫል። ራዲያተሩ የቆመበት ላሜራ ላይም አይሆንም፤ ምቱ በቀጥታ ራዲያተሩን ያገኘዋል። ቦታው የፊት ክብደት የሚንጠለጠልበት ግንባር ነው፤ ፋብሪካው በስቶ የተወው ቀዳዳ አለልህ። በቀዳዳው ልክ፣ ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበት ብሎን ግዛ። ግንባሩ አብዛኛውን ጊዜ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ በፍጹም አይበየድበት! በያጁ «ይይዛል፣ አታስብ» ይልሃል። ለጊዜው ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ግን ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይደርቅና እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል፤ ጉቶ የመታው ቀን ግንባሩ ከነብየዳው ይገነጠላል። ያን ለመቀየር ራዲያተሩንና አክሱሉን ማውረድ ነው።

2. ለክፈፉ 50 በ50 የሆነ ባለ 3 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ለማሰሪያው ባለ 10 ሚሊ ላሜራ። 70 ሳንቲ ወርድና 60 ሳንቲ ቁመት ላለው ክፈፍ ከነመሀል ቋሚዎቹ አንድ ባለ 6 ሜትር ዘንግ ይበቃል። 3 ሚሊ ብሎ 2 ሚሊ የሚሸጥ ስላለ ሚዛን ላይ አውጣው፦ ትክክለኛው ዘንግ 26 ኪሎ ገደማ ነው፣ 18 ከሆነ 2 ሚሊ ሰጥተውሃል። ለ3 ሚሊ ከፍለህ ተቀብለህ አትሂድ፣ መልስላቸው።

ከዚህ በኋላ ቅርጹ ቀላል ነው። ከፍርግርጉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ አርቀው፤ ብረቱ ሲመታ ትንሽ ይታጠፋል፣ ክፍተቱ ለዚያ ነው። ፊቱን በላሜራ ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት እንዳትደፍነው፤ ገለባ ይይዝና ሞተሩ ይግላል። ቋሚዎቹ በ10 ሳንቲ ልዩነት ይሁኑ፣ መብራቱን ግን አይጋርዱ። ከታች በማጠፊያ፣ ከላይ በ16 ሚሊ ፒን አድርገው። ወደፊት የማይወድቅ መከላከያ ራዲያተር ማጽዳትን ያስረሳል፣ እሱም ከጉቶው የከፋ ነው።

መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን ብቻ በብየዳ አስነካና ትራክተሯ ላይ ሞክረው። ኮፈኑን ክፈት፣ መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል አዙር፣ አንዱን የፊት ጎማ 20 ሳንቲ እንጨት ላይ አውጣና የሚነካካ ነገር ካለ እይ። ከዚያ መከላከያውን ከትራክተሯ ፈትተህ ሙሉ ብየዳውን መሬት ላይ ጨርስ፦ ለቱቦላሬው 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር፣ ለላሜራው 3.2። አንዱን ጥግ በአንዴ አትጨርስ፣ ይጣመማል። ትራክተሯ ላይ ለመንካት ያህል እንኳ ስትበይድ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፤ የብየዳውን መሬት ገመድ ከምትበይደው ብረት ላይ ያዘው፣ አለዚያ ከረንቱ በኩሽኔታ ያልፋል።

የቱቦላሬውን ጫፎች ድፈንና ከታች 6 ሚሊ ቀዳዳ ተውለት፣ ውኃ እንዳይቀመጥ። አንቲረስት ቀብተህ ቀለም፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓት ያህል ከሠራህ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቃቸው።