በግቢ ሽኝት ላይ መጠጥ እንዲያሳልፉ ለተጠየቁት ወንድማችን

ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ በመሆኑ ለገጣፎ በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ ለ60 ሰው በሚዘጋጀው ሽኝት ላይ የመጠጡን ኃላፊነት እንዲይዙ እንደተጠየቁ፣ ከዚህ በፊት ግን ሠርተውት እንደማያውቁ ጽፈዋል። ምን ያህል መጠጥ እንደሚበቃ፣ መብራት ቢጠፋ በምን እንደሚያቀዘቅዙትና ከልኩ በላይ የሚጠጣ እንግዳ ቢገጥምዎ ምን ማድረግ እንደሚገባዎ ጠይቀዋል። እኔም ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ሱሉልታ በሚገኘው የጓደኛዬ ወላጆች ግቢ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ይህንኑ ሥራ ስለሠራሁ፣ የተሳካልኝንም ያጠፋሁትንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠዎትን ሥራ እንዳያቃልሉት አደራ እላለሁ። ሰዎች ባርማን ቢሉዎትም፣ በግብዣችን ወግ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው አሳላፊ ይባላል። በቀድሞው ዘመን ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ የሚያቀርበው መጠጥ ጠጪውን እንደማይጎዳ በራሱ አካል ማረጋገጡ ነበር። ዛሬ መርዝ የሚፈራ ሰው ባይኖርም፣ ከእጅዎ ተቀብሎ የጠጣ እንግዳ በሰላም ቤቱ እስኪገባ ድረስ ነገሩ እርስዎን ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ብዛቱ ስንመጣ፣ ከግዢ በፊት ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብለው የሚጠጣውንና የማይጠጣውን በስም ይለዩ። በእኛ ሽኝት ከ60ው እንግዳ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ፕሮቴስታንት ዘመዶች፣ መኪና የሚነዱና ለጤናቸው ሲሉ የተዉ ተደምረው 20 ያህል ሆኑ። ለቀሩት 40 ሰዎች በነፍስ ወከፍ 3 ጠርሙስ ቢራ ሲታሰብ 120 ጠርሙስ ይሆናል፤ አንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ስለሚይዝ 5 ሳጥን መሆኑ ነው። እኛ ግን መጠጥ አለቀ የሚባለውን ነውር ፈርተን 7 ሳጥን ገዛን፤ ሁለቱ ሳይከፈቱ ተመለሱ። የጓደኛዬ እናት የጠመቁት ጠላ ስለነበረ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ቢራውን አልፈለጉትም፤ በእርስዎም ዘንድ ጠላ ከተጠመቀ ይህን ከሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ። ከመግዛትዎ በፊት ያልተከፈተ ሳጥን መልሶ የሚቀበል አከፋፋይ ይፈልጉ፤ ጠርሙሱና ሳጥኑ በመያዣ ገንዘብ ስለሚሰጥም የተቆጠረበትን ደረሰኝ ይያዙ።

ያጠረን ነገር ያልጠበቅነው ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለስላሳውና አምቦ ውሃው አለቀ። ለማይጠጡት 20 ሰዎችና ለልጆች ብቻ አስበን ስለገዛን፣ ቢራ የሚጠጡትም በመሐሉ ውሃ እንደሚፈልጉ፣ ክትፎ የበላ ሰው ሁሉ አምቦ ውሃ እንደሚጠይቅ ዘነጋን። አንድ ልጅ በባጃጅ ወደ አስፋልቱ ልከን እስኪመለስ ድረስ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ፊታቸው ባዶ ሆኖ ተቀመጡ፤ እኔ በበኩሌ በዚያ ቀን ከደረሱት ጉድለቶች ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ያሳፍረኛል። ስለዚህ አልኮል የሌለውን መጠጥ ከቢራው ባልተናነሰ መጠን ይግዙ፤ ብርዝ፣ ቀሪቦ ወይም ማልት ካገኙም ከጠረጴዛው ሥር ሳይሆን በፊት ለፊት፣ በጥሩ ብርጭቆ ያቅርቡት።

ስለ ማቀዝቀዣው ብዙ አይጨነቁ። የእኛ መብራት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠፍቶ እስከ ማታ አልመጣም። በረዶ አስቀድመን ገዝተን ስለነበረ በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ጠርሙሶቹን ደርድረን፣ በረዶውን ጨምረን፣ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ እስኪሸፈን ውሃ ሞላንበት፤ ከዚያም አንድ ሁለት እፍኝ ጨው በተንንበት። በደረቁ የተጨመረ በረዶ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ብቻ ሲሆን ውሃው ግን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ቅዝቃዜው ቶሎ ይገባል፤ ጨው ደግሞ ውሃው ከዜሮ ዲግሪ በታች እንዲወርድ ያደርገዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚጠጣ ቢራ አገኘን። የተቀሩትን ሳጥኖች በቤቱ ጥላ በኩል አኑረን በረጠበ ጆንያ ሸፈንናቸው፤ ሱሉልታ ነፋስ ስለማይጠፋት ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ማርከፍከፍ ብቻ በቂ ነበር። ሁሉንም ግን አያቀዝቅዙ፤ አንድ ሳጥን ያህል ሳይነካ ይቀመጥ። ብዙ ታላላቅ ሰዎች ኖርማል እንጂ ቀዝቃዛ አይጠጡም፤ ሳይጠየቁ ቀዝቃዛውን ከፍተው ካቀረቡላቸው ይሉኝታ ይዟቸው ሳይጠጡት ይቀራል።

መክፈቻው አንድ ይሁን፤ እርሱም በእርስዎ እጅ ይሁን። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ተጨማሪ መክፈቻዎች በወጣቶቹ መካከል እንዲዞሩ በመፍቀዴ፣ ከግማሽ በላይ ሳይጠጡ የተተዉ ጠርሙሶች በየወንበሩ ሥር ቆመው ተገኙ፤ ማን ስንት እንደጠጣም ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ መክፈቻዎቹን ሰብስቤ አንዱን በገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩት፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘ። ጠርሙስ የፈለገ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱን አየዋለሁ፣ አነጋገሩን እሰማለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ራሴ ተነሥቼ፣ ቀድሜ ለታላቁ፣ በሁለት እጄ አደርስላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ለመጠጥ ያልደረሰውን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ግቢያችን መሸጫ ባይሆንም ይህንኑ ዕድሜ መለኪያ አድርጌ የጓደኛዬን ታናናሾች በለስላሳ መለስኳቸው፤ ወላጆቹም ደገፉኝ።

አረቄውን ግን ጠረጴዛ ላይ አያኑሩት። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ አልኮል ቢኖረው በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 16 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 45 በመቶ የደረሰ ዳግም አረቄ ደግሞ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ 18 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አንዲት መለኪያ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች ማለት ነው፤ ቢራው ግማሽ ሰዓት ሲፈጅ እርሷ በአንድ ጉንጭ ታልቃለች። እኔ ይህን እያወቅሁ አረቄውን ከምሳ በፊት አወጣሁት። ሳጥን በማውረድ ያገዘኝ አንድ የልጅነት ወዳጃችን በመኪና ነበር የመጣው፤ ሁለት መለኪያ ከጠጣ በኋላ ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ አመነታሁ፤ «በሞቴ» ሲለኝ ግን ቀዳሁለት። አራተኛውንና አምስተኛውን ማን እንደቀዳለት አላየሁም። ሦስተኛውን ግን እኔ ነኝ የቀዳሁት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዞ ተነሣ። ከሱሉልታ ወደ ድል በር የሚወርደውን መንገድ ያውቁት ይሆናል፤ ቁልቁለታም፣ ጠመዝማዛ፣ የጎጃም መስመር የጭነት መኪናዎች የሚመላለሱበት ሲሆን፣ በምሽት ደግሞ ጉም ይወርድበታል። እኔና ሌሎች ጓደኞቹ ብንለምነው «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር አልሰማንም፤ አንዱ ቡና አፍልተው ይስጡት አለ፤ ቡና ግን እንቅልፍን እንጂ ስካርን አያባርርም፤ ስካርን የሚያበርደው ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷን ጠርሙስ ቢራ እንኳ ሰውነት ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በመጨረሻ ወደ ጓደኛዬ እናት ሄጄ ነገርኳቸው። እርሳቸው ሳይቆጡ አጠገቡ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ አንዱ ልጄ ነገ ይሄድብኛል፤ አንተ ደግሞ ዛሬ አትሂድብኝ» አሉትና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጣቸው፤ እዚያው አደረ። ስለዚህ እርስዎም በወጣት ጉልበት ከመሟገት ይልቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ የሚሰሙ አንድ እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ከመጀመሪያው ያማክሩ፤ ለሚያድሩ ሰዎችም አንድ ሁለት ፍራሽ እንዲዘጋጅ ይንገሩ። ለገጣፎም ቢሆን ከመሸ ታክሲ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ሽኝቱ የሚያበቃበትን ሰዓት የሚያውቅ አንድ ሚኒባስ አስቀድሞ መኮናተር ከሳጥን ቢራ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ስለ ተሸኚው አልጠየቁም፤ ሆኖም ከሁሉ ይበልጥ ሊያስቡለት የሚገባው እርሱ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ከእርሱ ጋር አንድ ጊዜ ብርጭቆ ማጋጨት ይፈልጋል፤ 40 ሰው አንድ አንድ ጉንጭ ቢያስጠጣው ምን እንደሚሆን ያስቡት። የጓደኛዬ በረራ በማግሥቱ ማታ ከቦሌ ነበር፤ ሻንጣውም ገና አልተዘጋም። እኔና እርሱ ጠዋት ተመካክረን ሁለት ብርሌ ጠጅ ብቻ ጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ብርሌው ባለቀ ቁጥር የምሞላለት ብርዝ ነበር፤ መልካቸው አንድ በመሆኑ ማንም አልለየውም፤ «አልጠጣም» ብሎ ያስቀየመውም ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁት ቆሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየሰማ «አሜን» ሲል አይቼዋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢውን ስናጸዳ ባዶ ጠርሙሶቹን ከአጥሩ ሥርና ከድንኳኑ ጀርባ ለቅመን በየሳጥናቸው መለስናቸው፤ ሦስት ብቻ ጎደሉ፤ የእነርሱን ከፍለን የቀረውን የመያዣ ገንዘብ ተቀበልን። ያ አምሽቶ ያደረው ወዳጃችንም ሳጥኖቹን በመኪናው ጭኖ ወደ አከፋፋዩ ያደረሰልን እርሱ ነበር።