የምትወደውን የክላሲካል ቀረጻ ለጓደኞችህ ስትልክ

ወንድሜ "የምወዳቸውን የክላሲካል ሙዚቃ ቀረጻዎች ለጓደኞቼ ላካፍል ነው፣ ከየቱ ልጀምር፣ እንዴትስ ልላክ" ያልከውን አይቼ ነው። ሊስት የሚሰጥህ ሰው አታጣም፣ እኔ ግን የተቃጠልኩበትን ልንገርህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

1. የሥራውን ስም ብቻ ጽፈህ እንዳትልክ። ማን መራው፣ የትኛው ኦርኬስትራ፣ የት፣ መቼ፣ ስቱዲዮ ነው ላይቭ፣ ይሄን ሁሉ ጻፍ። "ቤትሆቨን 9ኛ፣ ፉርትቬንግለር" ራሱ አይበቃም፣ ሰውዬው (ጀርመናዊ የኦርኬስትራ መሪ ነው) 9ኛውን ሲምፎኒ ሲመራ ብዙ ጊዜ ተቀርጿል፣ የ1942 በርሊን አለ፣ የ1951 ባይሮይት አለ፣ የ1954 ሉሰርን አለ። እኔ የፈለግኩት ባይሮይቱን ነበር፣ የባይሮይት ከተማ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደገና ሲከፈት የተጫወቱትን፣ ለጓደኛዬ ስጦታ። ኦንላይን የሚሸጥ አንድ ሰው "ባይሮይት 1951" ብሎ ለጥፏል፣ ገዛሁት፣ ደግነቱ ሳልሰጠው በፊት ከፍቼ ሰማሁት። ገና አንደኛው ሙቭመንት (የሥራው ክፍል) ላይ ቲምፓኒው፣ ትልቁ ከበሮ፣ እንደዛ ሲያጓራ የበርሊኑ መሆኑን አወቅኩ። ለሻጩ በትህትና ጻፍኩለት፣ መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ "ያው ቤትሆቨን ነው፣ ያው 9ኛ ነው፣ ምን ትጨቀጭቀኛለህ"። ብሩን መልስ ስለው ብሎክ አደረገኝ። የበርሊኑ እኮ ራሱ የሚያስፈራ ትልቅ ቀረጻ ነው፣ ግን በጦርነቱ መሃል የተጫወቱትንና ከጦርነቱ በኋላ የተጫወቱትን አንድ ነው የሚል ሰው እንዴት ሙዚቃ ይሸጣል? እስካሁን ያናድደኛል።

2. ርዝመቱን ጻፍ። ግሌን ጉልድ የባችን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ በ1955 ሲቀርጸው ወደ 38 ደቂቃ ነው የፈጀበት፣ በ1981 ደግሞ ወደ 51። ፒያኒስቱ ያው፣ ሥራው ያው፣ ደቂቃውን ያየ ሰው ግን አይሸወድም። እኔ የምልከው ሁሉ ደቂቃ አለው፣ አሁን ጓደኞቼም እንደዛ ነው የሚልኩልኝ፣ በዚህ እኮራለሁ።

3. ፋይል ሳይሆን ሊንክ ላክ። ባች በ1750 ነው የሞተው፣ ድርሰቱ የማንም አይደለም፣ ቀረጻው ግን የራሱ መብት አለው፣ ሕጉም ካገር አገር ይለያያል። ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ከ1936 እስከ 1939 የቀረጻቸው የባች የቼሎ ስዊቶች አውሮፓ ውስጥ ነጻ ናቸው፣ አሜሪካ ግን የዛን ዘመን ቀረጻ ከወጣ 100 ዓመት ካልሞላው አይለቁትም።

ከየቱ ልጀምር ላልከው፣ እኔ ብሆን ካርሎስ ክላይበር የመራውን የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ነው የምልከው፣ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ የ1974 ስቱዲዮ ቀረጻ፣ 33 ደቂቃ ገደማ። ብቻውን ላከው፣ አስር ሊንክ ባንዴ ከለቀቅክባቸው አንዱንም አይከፍቱትም። የመጨረሻው ሙቭመንት ሲገባ ትሮምቦኖቹን (ትልልቆቹን የነሐስ መለከቶች) ስሟቸው በላቸው፣ እስከዛ ድረስ አንዴም አልተነፉም። ምን እንዳሉህ እዚሁ ጻፍልን።