ካሴቱ ይቅደም፣ ሸክላው ይታገሣል

ቤት ውስጥ ስለተከማቸ ሙዚቃ ከመሐል አዲስ አበባ ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ ወደ 400 ካሴትና 150 ያህል ሸክላ ወርሻለሁ። የምንኖረው ፒያሳ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ላስገባ አስቤያለሁ። ከየትኛው ልጀምር? ምንስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከካሴቱ ይጀምሩ። የሸክላ ድምፅ የተቀረጸው በራሱ አካል ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመና ሙቀት ካልነካው አሥርት ዓመታት ይጠብቅዎታል። የካሴት ድምፅ ግን በስስ ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተጣበቀ የብረት ዱቄት ነው የያዘው። ሙጫው እርጥበት ይጠጣል፣ ክሩም ይሻግታል። ከካሴቶቹም ቢሆን ገበያ ላይ የዋሉት ትንሽ ይቆዩ፤ ሌላ ቅጂ ሰው እጅ ሊገኝ ይችላል። ቤት ውስጥ የተቀዳ የሠርግ ዘፈን፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ፕሮግራም፣ የዘመድ በገና ወይም ማሲንቆ ካለ ግን እሱ ይቅደም። ቀጥሎ 90 ደቂቃ የሚሉት ይግቡ፤ ክራቸው ከ60 ደቂቃዎቹ ስለሚሳሳ ቶሎ ይለጠጣል፣ ቴፕም ቶሎ ይበላዋል።

ማንኛውንም ካሴት ከማጫወትዎ በፊት የክሩን ጥቅል በመስኮቱ በኩል ብርሃን ላይ ይዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሻጋታ ነውና አያጫውቱት፤ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በክሎ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ለብቻው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ጤነኛውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀ ክር ይላቀቃል። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይደክማል። ያኔ በአምስት ብሎን የታሰረ ሌላ ካሴት ፈትተው ጥቅሉን ወደዚያ ያዛውሩ። የተበጠሰ ክር በተራ ፕላስተር አይቀጠልም፤ ሙጫው እየወጣ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። ለክር መቀጠያ ተብሎ የተሠራውን ይፈልጉ።

የቴፑን ሄድና ክሩን የምትጎትተውን ጎማ በየአሥሩ ካሴት አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። የፋርማሲው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ስለሆነ እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይታገሡ።

ድምፁ በብርድ ልብስ የታፈነ ከመሰለ ካሴቱ ሞቷል ብለው አይፍረዱ። ካሴቱ በተቀዳበት ቴፕና በእርስዎ ቴፕ መካከል የሄዱ አቀማመጥ በጥቂቱ ከተለያየ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ካሴቱ እየተጫወተ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን ማግኔት በሌለው ቀጭን ካቻቢቴ እጅግ በትንሹ ግራና ቀኝ ያዙሯት፤ ጸናጽሉ ጥርት የሚልበት ላይ ያቁሙ። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ካሴት ተጥሏል!

ከቴፑ ጀርባ ካለው ቀይና ነጭ መውጫ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ መቀበያ ያስፈልግዎታል። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ አይሆንም፤ አብዛኛው ከግራና ከቀኙ ድምፅ አንዱን ብቻ ይቀበላል፣ ድምፁንም ያፈነዳዋል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያስተካክሉ። እምምም የሚል ጉርምርምታ ከሰሙ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይቅዱ። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ16 ቢትና በ44,100 ኸርትዝ፣ አንድ ሰዓት ወደ 600 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 400 ካሴት ባለ 60 ደቂቃ ቢሆን 240 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ፍላክ (FLAC) ወደተባለው የፋይል ዓይነት ቢቀይሩት ጥራቱ ሳይነካ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ኤምፒ3 ለመኪና ይሁን፣ ለማስቀመጫ ግን አይሁን። ከበስተኋላ ሽሽሽ የሚለውን የካሴት ድምፅ ማጽዳት ቢያምርዎትም መጀመሪያ የተቀዳውን ሳይነኩ በግልባጩ ላይ ይሥሩ።

መብራት ሲጠፋ ቶሎ ብለው የቴፑን ማቆሚያ ይጫኑ። ጎማዋ ክሩን እንደነከሰች ከቆየች ታጎደጉደዋለች፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ደግሞ ክሩ ሊበላ ይችላል። በቀን ሁለት ካሴት ቢያስገቡ ሥራው 200 ቀን ይፈጃል፤ ቀኑን አስልተው ይግቡበት።

ጥያቄ፦ ካዛንችስ ነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ 9,000 ያህል ዘፈን አለ። አንዱ ድምፃዊ ሦስት ቦታ ተበታትኖ ይመጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የፊደላችን ነው። ለኮምፒውተር «ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» ሁለት ሰው ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ሦስተኛ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ መርጠው በደብተር ይመዝግቡ፤ ከዚያ ኤምፒ3ታግ በተባለው ፕሮግራም የአንዱን ሰው ሁሉንም መርጠው በአንዴ ያርሙ። የአባት ስም እንዲቀድም አያድርጉ፤ በራሱ ስም ነው የምንፈልገው። የዘፈኑን ተራ ቁጥር 01፣ 02 ብለው ይጻፉ፤ አለበለዚያ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል። ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ያልዘፈነ ስለሌለ በፋይሉ ስም ላይ የድምፃዊው ስም ይኑር።

ዓመቱ ላይ ይጠንቀቁ። የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች 1969 ነው፤ የእሱን ሸክላ 1962 ብለው መዝግበው ዓ.ም. መሆኑን ካላመለከቱ አሳታሚው ሳይኖር የታተመ ይመስላል። በዓመት ቦታው የፈረንጁን፣ በማስታወሻው የእኛን ይጻፉ።

ይህን ሁሉ ደክመው በአንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ አይተዉት። ሁለተኛ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ይኑር፤ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሰፈር፣ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አይታመንም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ሸክላ በአልኮል ይታጠባል? መደርደሪያውስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ከባዱንና ሲወድቅ የሚሰበረውን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን የድሮ ሸክላ አልኮል አይንካው፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። ለሁሉም የሚስማማው የተጣራ ውሃ ከአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትለው ይጥረጉ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት አያርጥቡ። ውሃውን ከባትሪ ቤት ከገዙ አሲድ አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ሸክላ ተደራርቦ አይተኛም፣ አዘንብሎም አይደገፍም፤ ይጣመማል። መቶ ትልልቅ ሸክላ 25 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ካሠሩ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ድጋፍ ይግባበት፤ የውስጥ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከግድግዳው 10፣ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የዕጣንና የቡና መቁያ ጭስ ቅባት ስላለው አቧራውን ቦዩ ውስጥ ያጣብቀዋልና መደርደሪያው ቡና ከሚፈላበት ጥግ ፈቀቅ ይበል።