ከመንገድ የተነሳ ድንጋይ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሞ ሳታዩ አልቀራችሁም። ረዳቱ ከጋቢና ዘሎ እንደወረደ የመጀመሪያ ሥራው ድንጋይ መፈለግ ነው። ክብ ድንጋይ አይመርጥም፤ ክብ ድንጋይ ይንከባለላል። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጎማው ሲገፋው መሬት የሚነክስ ይመርጥና ቁልቁል ከቆመ ከጎማው ፊት፣ ዳገት ላይ ከቆመ ከጎማው ኋላ ታኮ ያደርጋል። ጥገናው ሲያልቅ መኪናው ከታኮው ሸሸት ይላል፣ ድንጋዩ ይለቀቃል። ረዳት ከረዳት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሮጦ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል። ሌላው በእጁ ምልክት ሰጥቶ ሹፌሩን ያስቆምና ድንጋዩን ታቅፎ ከቦዩ ማዶ ያስቀምጠዋል። ጉም በወረደበት ማታ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ አስፋልት ላይ የቀረውን ድንጋይ የሚያገኘው ከጎማው ስር ነው። ያነሳውን ልጅ የሚያመሰግነው የለም፤ የተረፈው ሰው መትረፉን እንኳ አያውቅም።

የምጽፍላችሁ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። ስማቸውን አታውቁም፣ ፊታቸውንም ምናልባት ሁለተኛ አታዩትም። ትምህርት ጨርሳችሁ ሥራ ስትፈልጉ አርአያ የሚሆናችሁን ሰው ሩቅ ትፈልጋላችሁ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ላስይዛችሁ፤ ሰው ሲሠራ ባያችሁ ቁጥር በልባችሁ ጠይቁት፦ «ይህ ሰው ቢዘለው ማንም የማያውቅበት የትኛው ሥራ ነው?» እሱን ሳይዘል ሲሠራ ካያችሁት ባለሙያ አግኝታችኋል። ቆማችሁ ተመልከቱ።

ለማየት የሚመቸው ጎሚስታ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ከሚወጣው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ስለሆነች ጎሚስታ አይጠፋም። አንድ ከባድ መኪና ከቆላ መጥቶ ሲቆም ጎበዙ ጎሚስታ መለኪያውን ከማንሳቱ በፊት ጎማውን በመዳፉ ይዳስሰዋል። ሙቅ ከሆነ አይነካውም። የሞቀ የከባድ መኪና ጎማ ግፊቱ ከቀዝቃዛው ከ10 እስከ 15 ፒ ኤስ አይ ሊጨምር ይችላል። ሹፌሩ መለኪያውን አይቶ «በዝቷል፣ አስተንፍስልኝ» ይላል። ገንዘቡን ብቻ የሚፈልግ ሰው ያስተነፍስለታል። ያ ጎማ ማታ ደሴ ብርድ ውስጥ ሲያድር አየሩ ያንሰዋል። አየር ያነሰው ጎማ በጭነት ስር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ሽቦውና ላስቲኩ ይለያያሉ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ጎበዙ «አብሽር፣ ይብረድ፣ ሻይህን ጠጣ» ይለዋል። ትክክለኛው ልክ የሚወሰደው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው።

ከዚያ የመለጠፉ ሥራ አለ። ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የሚወጣበት ቦታ በጠመኔ ይከበባል። ዙሪያው ከጥጋኙ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ማስቲሽ አይይዝም። ብናኙ ይጠረጋል፣ የተፋቀው ቦታ ዳግመኛ በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ይበቃዋል እንዲላቀቅ። ማስቲሹ በስሱ ይቀባል። አሁን ልብ በሉ፦ ጎሚስታው ቆሞ ይጠብቃል። አምስት፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ። ማስቲሹ ማብለጭለጩን ትቶ ጣት ጀርባ ላይ ሳይጣበቅ ያዝ ሲያደርግ ብቻ ጥጋኙን ይጭናል፣ ከመሃል ወደ ዳር እያሸ አየሩን ያስወጣል። ርጥብ ላይ ከለጠፈው ያልተነነው ፈሳሽ ከስር ይታፈንና ጥጋኙን ያሳብጠዋል። ሹፌሩ እየነዘነዘው፣ ሌላ መኪና ተራ እየጠበቀ፣ እነዚያን ደቂቃዎች መጠበቅ ቀላል አይደለም። የሚዘለለው እሱ ነው፤ ቢዘለልም ችግሩ የሚወጣው ባቲ ወይም ሐይቅ ከደረሱ በኋላ ነው።

ከመነዳሪው ከመግባቱ በፊት የጎማው ውስጥ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዳሰሳል። ሚስማሩ ወይም የሽቦው ስባሪ እዚያው ካለ አዲሱን ልጥፍ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይበሳዋል። ከመነዳሪውና ጎማው እንዳይፋተጉም ታልክ ዱቄት ይነሰነሳል።

ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ባለ ቀለበት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቀለበቱ በቦታው ሳይቀመጥ አየር ከሞላበት እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የሚያውቅ ሰው ዝገቱን ጠርጎ፣ ቀለበቱን አስገብቶ፣ በሰንሰለት ጠፍሮ፣ መጀመሪያ ጥቂት አየር ብቻ ይሰጠዋል። ዙሪያውን ያያል። ካልተቀመጠ አየር እንዳለበት በመዶሻ አይመታም፤ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲነፋም ቱቦውን አርዝሞ ከጎን ይቆማል እንጂ ፊት ለፊቱ አይቆምም። እናንተንም «ልጆች፣ ከዚህ ዞር በሉ» ብሎ ከጮኸባችሁ አትቀየሙት።

ጎማው ሲታሰር ዳዶዎቹ (የብሎኖቹ ማጥበቂያዎች) መጀመሪያ በእጅ ይጀመራሉ፣ ከዚያ በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። በዙሪያ ቅደም ተከተል ከጠበቁ ቸርኬው ዘሞ ይቀመጥና ብሎኑ ውሎ አድሮ ይሰበራል። መንታ ጎማ ላይ ደግሞ የሁለቱ አየር እኩል መሆኑን ይለካል፤ አንዱ ካነሰ ጭነቱን ሌላው ብቻውን ይሸከማል። በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ ሳይጠየቅ በብረት ፈልቅቆ ያወጣዋል። ለዚህ የተለየ ሂሳብ የለውም። በመጨረሻም «ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ ዳዶውን ደግመህ አጥብቅ» ይለዋል፣ ምክንያቱም አዲስ የታሰረ ጎማ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል።

ፍሬንንም ይከታተላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናቸው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት) ይግላል። ብረቱ ሲሰፋ ፈትጎ ከሚያቆመው ሸራ ይርቃል፣ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ይህ ነው። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መውረድ የሚባለውም ለዚህ ነው። ችኩሉ ረዳት ውሃ በባልዲ ሊደፋበት ሲል ጎሚስታው እጁን ይይዘዋል፤ የጋለ ታምቡር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ይሰነጠቃል።

ወደ ደሴ ልውጣ። ከመንገድ ዳር እንጀራ ገዝታችሁ ስትበሉ የጋገረችውን ሴት አታዩአትም። ደሴ ብርዳም ከተማ ስለሆነች የሷ ሥራ ከቆላ ጋጋሪ ይከብዳል። 5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ግማሽ ሊትር ያህል እርሾ አድርጋ ለብ ባለ ውሃ ታቦካለች። ቆላ ላይ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ እዚህ ሦስት፣ ክረምት ሲሆን አራት ቀን ይፈልጋል። ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች፣ ማታ ምድጃው አጠገብ ታሳድራለች። ለመቸኮል ቤኪንግ ፓውደር መጨመር ትችላለች፤ ዓይኑም ያምራል። ግን በደንብ ያልቦካ እንጀራ በማግስቱ ይሰነጣጠቃል፣ የሚያጣጥመው ኮምጠጥ ያለ ጣዕምም የለውም።

ሊጡ ሲደርስ ከላይ የተንሳፈፈውን ቢጫማ ውሃ ታጠልላለች። ከሊጡ ከአሥር አንድ ያህል ቀንሳ በፈላ ውሃ ውስጥ ታማስላለች፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር። አብሲት ይህ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አብሲቱ ጥሬ እንዳይቀር ከቆላው ጥቂት አስረዝማ ታበስለዋለች። ከዚያ ታቀዘቅዘዋለች። ትኩሱን ሊጡ ላይ ከጨመረችው ውስጡ ያለውን እርሾ ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ትንሽ ጣት አስገብቶ ለብ ማለቱን መፈተን፣ ይኸው ነው ሚዛኑ። አብሲቱን ሊጡ ላይ ከጣለች በኋላ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች።

ምጣዱ ሲግል በጎመን ዘር ታስሰዋለች። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ትጨርሳለች፤ ከመሃል ብትጀምር መሃሉ ቀድሞ ይበስልና ዳሩ ስስ ይሆናል። ምጣዱ ካልጋለ ይጣበቃል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ከስር ይቃጠላል፣ ዓይኑም ሳይከፈት ይዘጋል። ዓይኑ በሙሉ ሲከፈትና ላዩ ማብረቅረቁን ሲተው አክንባሎውን ትደፋለች። ዳሩ ሲነሳ በሰፌድ ታወጣለች። እዚህም የሚዘለል ነገር አለ፦ ትኩሱን እንጀራ በትኩሱ ላይ መደራረብ። ጊዜ ይቆጥባል። ግን እንፋሎቱ ሲታፈን እንጀራው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። እያንዳንዱ ነፈስ እስኪልለት የምትጠብቅ ሴት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትነሳና እንደምትቀመጥ ቁጠሩ፣ ወገቧን ታስታውሳላችሁ። በባሕር ዛፍ ማገዶ የምትጋግር ከሆነ ጭሱ በየቀኑ ዓይኗንና ሳምባዋን ይጎዳል። እንደዚህ ያለች ሴት ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ካለች፣ ከአድናቆት ይልቅ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ስር የጭስ መውጫ ክፈቱላት፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የጎዳና ጠራጊዎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሱብሂ አዛን ሳይባል፣ የቅዳሴ ደወልም ሳይደወል ፒያሳ ላይ መጥረጊያ ይሰማል። ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ይጠርጋሉ፤ ነፋስ ፊት ለፊት የሚጠርግ አቧራውን ይበላዋል። ቆሻሻውን በአጭር ርቀት እየከመሩ ይሄዳሉ እንጂ አንድ ትልቅ ክምር አይገፉም፣ ሩቅ የተገፋ ክምር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራልና። የእነሱ ፈተና የቦይ አፍ ነው። ሁለት ጊዜ ጠረግ አድርጎ ቦዩ ውስጥ መጨመር ግማሽ ሰዓት ያተርፋል፣ አለቃም አያይም። ሐምሌ ላይ ግን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የተዘጋውን ቦይ ትቶ በየሱቁ ይገባል፣ የተጠረገው ፕላስቲክም ቦርከና ወንዝ ገብቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ጎንበስ ብለው ከቦዩ አፍ ጠርሙስ እየለቀሙ ማዳበሪያ ውስጥ የሚከትቱ እናት ካያችሁ፣ ያን ሰፈር ከጎርፍ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ቢያንስ የጨረሳችሁትን የውሃ ጠርሙስ ቦይ ውስጥ አትጣሉባቸው።

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ እንዴት ትጠጉታላችሁ? መጀመሪያ «ያበርታችሁ» በሉ። ስልክ አውጥታችሁ ሳትጠይቁ አትቅረጹ፤ በሥራ ልብስ መቀረጽ የማይወድ ብዙ ነው። እጁ ሥራ ላይ እያለ አትጠይቁ፤ ማስቲሹ ሲደርቅ የሚጠብቅባቸው ደቂቃዎች አሉ፣ ያኔ «ጋሼ፣ ይህን ለምን እንዲህ አደረጉ?» በሉ። «ለምን» የሚለውን ጠይቁ፤ «እንዴት»ን ዓይናችሁ ያያል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይነግራችኋል፣ ያልገባው ደግሞ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ያልፋችኋል፤ በዚህም ትለዩታላችሁ። ዋጋ ከሥራው በፊት ተነጋገሩ፣ ከሥራው በኋላ አትከራከሩ። ያደነቃችሁትን ሰው አሥር ብር ለመቀነስ ስትጨቃጨቁት አድናቆታችሁን ሰረዛችሁት። ጓደኛችሁ ጎማ ሲፈነዳበት ወደዚያ ሰው ላኩት፤ ለሠራተኛ ከምስጋና ይልቅ ደንበኛ ይጠቅመዋል።

ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ያቺን ጋጋሪ እርሾ ለምኗት። ያጠለለችውን ቢጫ ውሃ አንድ ብርጭቆ አትከለክላችሁም። በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉ፣ ቅባት ወይም ጨው ያለበት ዕቃ እርሾውን ሊያበላሸው ይችላል። በጠርሙስ ከያዛችሁት ክዳኑን አታጥብቁት፤ እርሾ እየሠራ ጋዝ ያወጣልና በታክሲ እስክትደርሱ ይገነፍላል። በዚያው ቀን አቡኩበት፣ ካልሆነም ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩትና በማግስቱ ተጠቀሙበት።