በዮርክ አንድ ቀን፦ የማይጠጣ ሰው ፐብ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ ስሄድ አንድ ቀን ነፃ ጊዜ ስለሚኖረኝ፣ የመካከለኛው ዘመን መልኳን እንደያዘች የሚነገርላትን የዮርክን ከተማ ለማየት አስቤአለሁ። በዚያ አገር የኖረ ወዳጄ «ፐብ ሳትገቢ ከተመለስሽ ዮርክን አየሁ እንዳትዪ» ይለኛል። እኔ ግን አልኮል አልጠጣም፤ የፐቡንም ሥርዓት አላውቅም። ቀኑን እንዴት ባሳልፈው ይሻላል? ፐብ ብገባስ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል?

መልስ፦ የወዳጅዎን ምክር እኛም እንደግፋለን፤ አለመጠጣትዎም እንቅፋት አይሆንም። አስቀድመን ግን እንግዳን ሁሉ የሚያደናግረውን የቦታ ስም እናጥራ። ቫይኪንጎች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ866 ከያዙ በኋላ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቋንቋቸው በጎዳናዎቿ ስም ላይ ቀርቷል። በእነርሱ አነጋገር «ጋታ» ማለት ጎዳና ስለነበረ፣ ዛሬ ስቶንጌት፣ ኮፐርጌት ወይም ሚክልጌት ሲባል የሚጠራው በር ሳይሆን መንገድ ነው፤ የከተማዋ ቅጥር በሮች ደግሞ «ባር» ይባላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሚክልጌት ባር እንገናኝ ቢልዎ የቀጠረዎ ከድንጋይ በር ሥር እንጂ መጠጥ ቤት አይደለም።

ጠዋትዎን ከዚሁ በር ቢጀምሩ እንመርጣለን። ከደቡብ የሚመጣው መንገድ የሚገባው በዚህ በኩል በመሆኑ ነገሥታት ከተማዋን ሲጎበኙ የሚቀበሏቸው እዚህ ነበር፤ በክህደት የተከሰሱ ሰዎች ራስ ተቆርጦ የሚሰቀለውም በዚሁ በር ላይ ነበር። በ1460 በጦርነት የተገደለው የዮርክ መስፍን ሪቻርድ ራስ የተሰቀለው እዚህ ነው። ቅጥሩ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው በዝግታ ለሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጊዜ ካጠረዎ ከቡተም ባር እስከ መንክ ባር ያለውን ክፍል ብቻ ይሂዱ፤ ትልቁ ካቴድራል ከአትክልት ቦታው በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው።

ካቴድራሉን፣ የአገሩ ሰው «ሚንስተር» የሚለውን፣ በችኮላ እንዳያዩት አደራ እንላለን። የአሁኑ ሕንፃ ሥራ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተጀምሮ የተፈጸመው በ1472 ነው፤ ስለዚህ መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱም ፍጻሜውን አላየም። በምሥራቅ በኩል ያለውን ታላቅ መስኮት የመስታወት ሠዓሊው ጆን ቶርንተን ከ1405 እስከ 1408 ባለው ጊዜ ሠርቶታል። ከዘፍጥረት የዓለም አፈጣጠር ተነሥቶ በዮሐንስ ራእይ ወደ ዓለም ፍጻሜ የሚደርስ ሥዕል በመሆኑ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ጊዜ አባከነ አይባልም። ወደ ማማው መውጣት ለሚሻ 275 ደረጃዎች አሉት፤ ጉልበትዎን ለቀሪው ቀን ቢቆጥቡ ግን አንከፋም።

ሻምብልስ የተባለችው ጠባብ መንገድ የቀድሞ ልኳንዳ ቤቶች ሠፈር ናት። ሥጋ ይሰቀልባቸው የነበሩት መንጠቆዎች ዛሬም በአንዳንድ ቤቶች ፊት ይታያሉ፤ የእንጨት ቤቶቹም ፎቅ ወደ መንገዱ ስለሚያዘነብል ፀሐይ እምብዛም አይገባም። ቀትር ላይ ሕዝብ ስለሚጨናነቅባት በማለዳ ይለፉባት።

አሁን ወደ ፐቡ እንምጣ። የቃሉ ሙሉ አነጋገር «የሕዝብ ቤት» ማለት ነው፤ ትርጉሙም በተግባር ይታያል፤ ሰው የሚገባው ለመጠጣት ያህል ከሰው ጋር ለመቀመጥ ነው። ለጅምር ስቶንጌት ላይ ያለውን፣ ምልክቱ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ማዶ ተዘርግቶ የተሰቀለውን ኦልድ ስታር ኢንን ይሞክሩ፤ ፈቃዱ ከ1644 ጀምሮ ይታወቃል። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው ተቀምጦ አስተናጋጅ ሲጠብቅ ነው። በአብዛኛው ፐብ ወደ ባንኮኒው ራስዎ ሄደው ያዝዛሉ፣ እዚያው ይከፍላሉ፣ ብርጭቆዎንም ይዘው ይመለሳሉ። ሰልፍ ባይታይም ተራ አለ፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ቀጂውም ደንበኞቹም ያውቃሉ፤ ገንዘብ ማውለብለብ ወይም መጣራት እንደ ነውር ይቆጠራል። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ መስጠት አይጠበቅብዎትም።

ከሌሎች ጋር ከገቡ «ራውንድ» የሚባለውን ልማድ ያገኙታል፦ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲሁ እያለ ይዞራል። ተራው ሳይደርስ የሚሄድ ሰው ይታዘቡታል። እርስዎ ለስላሳ፣ ሻይ ወይም አልኮል አልባ ቢራ ቢይዙም ተራዎ ሲደርስ ለሁሉም መግዛትዎን አይርሱ፤ ሰዎቹ የሚያከብሩት በብርጭቆው ውስጥ ያለውን ሳይሆን ይህን ነው። የእንግሊዝ ሕግም አልኮል የመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ለደንበኞቹ የቧንቧ ውኃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወዳጆችዎ የሚጠጡትን ለማወቅ ያህል፣ አንድ «ፓይንት» 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእጅ እየተሳበ ከበርሜል የሚቀዳው ባህላዊ ቢራ ደግሞ ከምድር ቤት ቅዝቃዜ ያለፈ ስለማይቀዘቅዝ፣ ሞቀ ብለው አይመልሱት። መዝጊያው ሲቃረብ ደወል ይደወላል፤ ይህም የመጨረሻውን ትእዛዝ እንዲሰጡ ማሳሰቢያ ነው እንጂ ውጡ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ብሄድ ፐብ ያስገቡናል?

መልስ፦ ከትልቅ ሰው ጋር ከሆነ በአብዛኛው ያስገባሉ፤ አንዳንድ ቤቶች ግን ማምሻውን ልጆችን ስለማይቀበሉ ከመቀመጥዎ በፊት ባንኮኒው ላይ ይጠይቁ። አልኮል መግዛት የሚቻለው ከ18 ዓመት ጀምሮ ሲሆን ወጣት የሚመስል ሰው መታወቂያ ይጠየቃል። ከልጅ ጋር የሚመቸው የእሑድ ምሳ ነው፤ የተጠበሰ ሥጋ ከድንችና ከዮርክሻየር ፑዲንግ ጋር ይቀርባል፤ ፑዲንጉም ስሙ እንደሚያሳስተው ጣፋጭ ሳይሆን ከእንቁላል፣ ከዱቄትና ከወተት በምድጃ የሚነፋ፣ መረቅ የሚፈስስበት መባያ ነው። በእሑድ ጠረጴዛ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድመው ይያዙ።