ቀድሞ የተነከረው ሁሌ ይበልጣል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ኤል እና ዲ ትሪፕቶፋንን የሚለይ ሴንሰር እየሠራች ነው። ትሪፕቶፋን አሚኖ አሲድ ነው፤ ኤልና ዲ ደግሞ እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት ቅርጾቹ ናቸው። ግላሲ ካርቦን በሚባል የካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪንን (ቀለበት የሠራ ስኳር) ከካይቶሳን (እንደ ማጣበቂያ የሚያገለግል ፖሊመር) ጋር ቀብታለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በኤል ጀምራ ስትለካ የኤል ፒክ (በግራፉ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረቱ የሚደርስበት ጫፍ) በልጦ ታያት። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በዲ ጀመረች፤ ዲ በለጠ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ማሽኑን ተይው። መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፦ «በዲ ጀመርኩ» ብለሽ። ኤሌክትሮድሽ እየቆሸሸ ነው። ትሪፕቶፋን ኦክሲዳይዝ ሲሆን (ኤሌክትሮን ሲነጠቅ) የሚፈጠረው ነገር እዚያው ፊቱ ላይ ይጋገራል፣ ያረረ ወጥ ድስት ላይ እንደሚጣበቀው። ሁለተኛው ናሙና ባረረው ድስት ነው የሚሠራው።

ኤልን ብቻ፣ ሳታጸጂ፣ አምስት ጊዜ አከታትለሽ ለኪው። ፒኩ እያጠረ ከሄደ ግምቴ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልኬት ወልውለሽ እንደ አዲስ ቀቢ፣ የትኛው እንደሚቀድም ደግሞ ዕጣ አውጪ።

አወላወሉ፦ እርጥብ ጨርቅ ላይ 0.3 ማይክሮን አሉሚና፣ ቀጥሎ 0.05፣ 8 ቁጥር እየሳልሽ። እጠቢና ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳ ማሽን) ውስጥ በኢታኖል፣ ከዚያ በውሃ። ሳትቀቢ በፊት 5 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አድርገሽ ፈትኚው። በሁለቱ ፒኮች (በመሄጃውና በመመለሻው) መሃል ከ60 እስከ 80 ሚሊቮልት ካለ ጥሩ ነው። 120 ካየሽ ተመለሺና ወልውይ። ፌሪሳያናይድን ከአሲድ ጋር እንዳታገናኚ! የሚወጣው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ነው፣ ይገድላል።

በላክሽልኝ የኤሌክትሮዱ ፎቶ ላይ ያየሁት ጭረት ግን አናዶኛል። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል መሰለኝ። ኤሌክትሮድ የበር ማጠፊያ ነው እንዴ? ያ ርካሽ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድም (ቮልቴጁ የሚለካው ከእሱ አንጻር ነው) አላማረኝም፣ ውስጡ አረፋ ይዟል። አራግፈሽ አረፋውን አውጪና በራሱ የፖታሲየም ክሎራይድ መፍትሔ ውስጥ አስቀምጪው፣ በተጣራ ውሃ አይደለም። የፒኩ ቁመት ሳይሆን ቦታው ከተንሸራተተ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠረጥረው።

አሁን ስለ ጫማ ላውራ፣ ይሄን ሳልናገር አልተኛም። የግራና የቀኝ ጫማ ከረጢት ውስጥ ብትከቺ ከረጢቱ አይለያቸውም። ያልተቀባ ኤሌክትሮድ ከረጢት ነው። ከኤልም ከዲም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚፈልገው ጉልበት አንድ ነው። ጫማን የሚለየው እግር ነው፣ እግር ራሱ ግራ ወይም ቀኝ ስለሆነ። ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን ሰባት ግሉኮስ የተያያዙበት ቀለበት ነው፣ ሰባቱም ዲ-ግሉኮስ ናቸው፣ ስለዚህ እግር ሆነልሽ ማለት ነው። ግን የግራ ጫማ ቀኝ እግርም ውስጥ ይገባል፣ ይጠብባል እንጂ፣ በልጅነቱ በጨለማ አገላብጦ አድርጎ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ አንዱ ፒክ ጭራሽ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂ። ልዩነቱ የመጥበብና የመስፋት ነው።

ከዚህ የሚወጣ ፈተና አለ። ባልተቀባ ንጹሕ ኤሌክትሮድ ኤልና ዲ እኩል መውጣት አለባቸው። ካልወጡ መፍትሔዎችሽ እኩል አይደሉም፣ በስፔክትሮፎቶሜትር (መፍትሔ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) 280 ናኖሜትር ላይ አነጻጽሪያቸው።

የመጨረሻው ፈተና እግሩን ራሱን መገልበጥ ነው፤ ግን የሳይክሎዴክስትሪን ተገላቢጦሽ (የመስታወት ምስሉ) እንደ ልብ አይገኝም። ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ግን ኤልም ዲም ይሸጣል፣ ወርቅ ኤሌክትሮድ ላይም በሰልፈሩ ይያዛል። አንዱን በኤል-ሲስቲን፣ ሌላውን በዲ-ሲስቲን ቀቢ። ልዩነት ከታየሽ፣ ቅቡ ሲገለበጥ እሱም መገለበጥ አለበት። ያኔ አምንሻለሁ።

ወርቁን በሰልፈሪክ አሲድ ስታጸጂ ግን የፌሪሳያናይድ ቆሻሻ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳይኖር። የራሱ ጠርሙስ ይኑረው፣ ላዩ ላይም «አሲድ አይግባ» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት።