መቅለጫ ነው ወይስ ማቅለጫ?

አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ «ኢንዲየም የሚባለውን ብረት ዲኤስሲ ማሽን (ናሙና ሲሞቅ የሚስበውን ሙቀት የሚለካ) ላይ አሙቄ 156.6 ዲግሪ ላይ ቀለጠልኝ፣ ሪፖርቱን በአማርኛ ስጽፍ ይሄን ቁጥር መቅለጫ ነጥብ ልበለው ማቅለጫ ነጥብ?»

እህቴ መቅለጫ በይው። ይሄ ነገር ስንት ዓመት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው። ቀለጠ ራሱ ሲሆን ነው፣ አቀለጠ ሌላ ሲያደርገው፤ ከቀለጠ መቅለጫ ይወጣል፣ ከአቀለጠ ማቅለጫ፣ ሁለቱም ላይ ጥ በኋላዋ ባለው -ኢያ ተስባ ጫ ሆናለች። ማቅለጫ እኮ ወርቅ አንጣሪው እሳት ላይ የሚጥደው ዕቃ ነው። የፀሐይ መውጫ እንላለን እንጂ የፀሐይ ማውጫ ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

«የሚያቀልጠው ማሽኑ ስለሆነ ማቅለጫ ልክ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ማሽኑን እዪው፦ ጥቂት ሚሊግራም ኢንዲየም ትንሽዬ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ አለ፣ ጎኑ ባዶ ሳህን፣ ሁለቱም ለምሳሌ በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመሩ ይሞቃሉ፣ 156.6 ሲደርስ ኢንዲየሙ ለመቅለጥ ብሎ ከባዶው ሳህን የበለጠ ሙቀት ይስባል፣ ግራፉም ከመስመሩ ይወጣል። ማሽኑ 150 ላይም ያሞቅ ነበር፤ ቁጥሩን የወሰነው ኢንዲየሙ ነው። ቤንዞይክ አሲድ እዛው ማሽን ላይ 122 ገደማ ነው የሚቀልጠው።

ነጥብ የሚለውም ቢሆን ነጠበ ከሚለው ግስ ነው፣ ጠብ ማለት። ያለ ዲኤስሲ፣ የሚቀልጠውን ነገር ዱቄት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨምሮ እያሞቀ የመጀመሪያዋን ጠብታ በዓይን የሚጠብቅ ሰው ቃሉን ከነሥሩ ነው የሚያየው፣ እኔ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል። ነጥበ ቅልጠት የምትባል ግዕዝ ለበስ ነገርም አለች፤ ግዕዙ ራሱ ለመቅለጥ ተመስወ እያለ ይሄን ማበጀት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም፣ አልወዳትም፣ በቃ።

የመቅለጥ ነጥብ ካልሽ ግን ምንም አልልም፣ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ እኔ መቅለጫን የመረጥኩት ስለሚያጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የማቅለጫ ነጥብ በዝቷል፣ አንባቢም ይገባዋል፣ እያመመኝም ቢሆን ይሄን እቀበላለሁ። ብቻ «ኢንዲየሙ ሟሟ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ስኳር ሻይ ውስጥ ይሟሟል፣ ቅቤ ድስት ላይ ይቀልጣል፤ ኢንዲየምሽን ደግሞ ምንም ፈሳሽ አልነካውም።